የማይመዘነውን መመዘን፦ ደረቅ ማዳበሪያን ለአኳሪየም ተክሎች በሚሊግራም ስለ መለካት

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪና የሳይንስ ክበብ አባል በነበርኩበት ጊዜ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ መስኮት ሥር አንድ የመስታወት አኳሪየም ነበረን። በውስጡ ስድስት ጉፒ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦችና ከሐይቅ ዳር የመጣ ሴራቶፊለም የተባለ የውሃ ተክል ይኖሩ ነበር። በሁለተኛው ወር ተክሉ ቢጫ እየሆነ ቅጠሉም እየረገፈ ሲሄድ፣ ከመካከላችን አንዱ ከቤተሰቡ እርሻ ዳፕ ማዳበሪያ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣ። ምን ያህል ይጨመር በሚለው ጉዳይ ላይ ክርክር አልተነሣም። «ትንሽ ይበቃል» ተባለና አንድ የሻይ ማንኪያ ተጨመረ። ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ስድስቱም ዓሦች ሞተው በውሃው ገጽ ላይ ተንሳፍፈው አገኘናቸው።

ያንን ቀን ዛሬ በቁጥር መልሼ ስመረምረው ሁለት ስህተቶች ተደራርበው እንደነበር እረዳለሁ። የመጀመሪያው የማዳበሪያው ዓይነት ነው። በአገራችን እርሻ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ዳፕ ከክብደቱ 18 በመቶው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ይህም ናይትሮጅን የሚገኘው በአሞኒየም መልክ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዳፕ 5 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል በውስጡ 900 ሚሊግራም ናይትሮጅን አለ። አኳሪየሙ 50 ሊትር ውሃ ይይዝ ስለነበር በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 18 ሚሊግራም ናይትሮጅን ገባ ማለት ነው። አሞኒየም በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከፊሉ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥለውም ይኸው አሞኒያ ነው። የውሃው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሽየስ፣ ፒኤቹም 8 ቢሆን ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህሉ አሞኒያ ይሆናል። ይህም በሊትር 0.9 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን ለብዙ ዓሦች አደገኛ፣ ለአንዳንዶቹም ገዳይ ነው። ፒኤቹ 7 ቢሆን ኖሮ የአሞኒያው መጠን ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርድ ስለነበር ዓሦቹ ምናልባት በተረፉ ነበር። ዩሪያም ቢሆን በውሃ ውስጥ በባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይሆንም።

ሁለተኛው ስህተት የመጠን ነው። ማዳበሪያው ጉዳት በማያደርስ የናይትሬት መልክ ቢሆን እንኳ፣ 18 ሚሊግራም ናይትሮጅን በናይትሬት ሲሰላ በሊትር 80 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ አኳሪየም በአንድ ጊዜ የሚበቃው ግን 10 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስለዚህ «ትንሽ» ብለን የጨመርነው ከሚገባው ስምንት እጥፍ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚህ ሁለተኛው ስህተት መነጋገር ነው። በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ በእጅ ከሚቆነጠረው፣ በማንኪያ ከሚሰፈረውና በተራ ሚዛን ከሚነበበው ያነሰ ሲሆን በምን ዘዴ ሊለካ ይችላል?

ተክሉ የሚጠይቀው

ጀርመናዊው ካርል ሽፕሬንገል እ.ኤ.አ. በ1828 ያቀረበውና በኋላ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በሰፊው ያስታወቀው ሐሳብ እንደሚለው፣ የተክል ዕድገት የሚወሰነው በብዛት ባለው ንጥረ ነገር ሳይሆን ከፍላጎቱ አንጻር እጅግ ባነሰው ነው። ይህ ሕግ ለጤፍ እንደሚሠራ ሁሉ ለውሃ ተክልም ይሠራል። ልዩነቱ ግን አንድ ነው። በእርሻ መሬት ላይ አፈሩ ብዙ ንጥረ ነገር ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ለስህተት ሰፊ ቦታ አለ። በአኳሪየም ውስጥ ግን የተጨመረው ነገር ሁሉ ወዲያውኑ በውሃው ውስጥ ይሠራጫል፤ ዓሣውም የሚተነፍሰው ያንኑ ውሃ ነው።

የውሃ ተክል አርቢዎች የሚጠቀሙባቸው ደረቅ ጨዎች ጥቂት ናቸው። ፖታሲየም ናይትሬት ከክብደቱ 61.3 በመቶ ናይትሬትና 38.7 በመቶ ፖታሲየም ይዟል። ፎስፌት የሚገኝበት ሞኖፖታሲየም ፎስፌት ደግሞ 69.8 በመቶ ፎስፌት አለው። ብረት የሚሰጠው ኢዲቲኤ ከተባለ ውህድ ጋር ተያይዞ በተዘጋጀ ዱቄት ነው፤ በገበያ ላይ ከሚገኙት ዓይነቶች አንዱ 13 በመቶ ብረት ይይዛል። እነዚህ ቁጥሮች ከአቶሞች ክብደት በቀላሉ የሚሰሉ ስለሆኑ፣ ኬሚስትሪ የሚማር አንባቢ እንደ መልመጃ ወስዶ ራሱ ሊያረጋግጣቸው ይችላል።

የጥቅሉን ጽሑፍ በጥንቃቄ ማንበብ ግን ያስፈልጋል። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚታተሙት ሦስት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ ለእርሻ በሚሸጥ ፖታሲየም ናይትሬት ላይ የሚገኘው 13-0-46፣ የመጨረሻውን የሚገልጹት በፖታሲየም ሳይሆን በፖታሲየም ኦክሳይድ ነው፤ እውነተኛው ፖታሲየም 38 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ማግኒዥየም ሰልፌትም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ሞለኪዩል ሰባት የውሃ ሞለኪዩሎች ያዘለው ዓይነት 9.9 በመቶ ማግኒዥየም ሲኖረው፣ ውሃ የሌለው ደረቁ ዓይነት 20.2 በመቶ አለው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። ይህንን ሳያጣራ የሚመዝን ሰው የፈለገውን ያህል ትክክለኛ ሚዛን ቢኖረውም በሁለት እጥፍ ይሳሳታል።

አሁን 50 ሊትር ውሃ ላለው አኳሪየም እናስላ። በሊትር 10 ሚሊግራም ናይትሬት ከተፈለገ ጠቅላላው 500 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ይህንን ለ0.613 ስናካፍል 815 ሚሊግራም ፖታሲየም ናይትሬት እናገኛለን። በሊትር 1 ሚሊግራም ፎስፌት ከተፈለገ 50 ለ0.698 ሲካፈል 72 ሚሊግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት ይሆናል። በሊትር 0.1 ሚሊግራም ብረት ከተፈለገ ደግሞ 5 ለ0.13 ተካፍሎ 38.5 ሚሊግራም ዱቄት ይመጣል። የመጀመሪያው አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ የመጨረሻው ከግራም አንድ ሃያ አምስተኛ ገደማ ነው። ችግራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ማንኪያና ቁንጥር

ማንኪያ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም። እህል በጣሳ የሚሰፈርበትን ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያለ ሳይንስ ይረዳዋል። ገዢ ጣሳው ነቅነቅ ተደርጎ እንዲሰፈርለት ይጠይቃል፤ ሻጭ ደግሞ ሳይነቀንቅ መስፈርን ይመርጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጣሳው አንድ ሆኖ ሳለ የሚይዘው እህል አንድ አይደለምና። እኩል መጠን ያላቸው ክብ ፍሬዎች ላላ ብለው ሲፈስሱ የዕቃውን ይዘት 55 በመቶ ያህል ብቻ ይሞላሉ፤ ሲነቀነቁ ግን እስከ 64 በመቶ ይደርሳሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ብቻውን ወደ 16 በመቶ የሚጠጋ የክብደት ልዩነት ያመጣል። በዚህ ላይ የፍሬዎቹ መድቀቅ፣ ከአየር የሳቡት እርጥበትና በማንኪያው ላይ የሚቆለለው ክምር ሲጨመሩበት ስህተቱ ይሰፋል።

ከዚህም በላይ 72 ሚሊግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት የአንድ የሻይ ማንኪያ ሰባኛ እጅ ገደማ ነው። ማንኪያን ለሰባ በዓይን የሚከፍል ሰው የለም። በጣት መቆንጠር የሚባለውም ዘዴ ጣት ከጣት፣ ቀንም ከቀን ስለሚለያይ ከግምት አያልፍም። አንባቢ ይህን ለማመን ቢቸገር የወጥ ቤት ጨው በሁለት ጣቱ ዐሥር ጊዜ ቆንጥሮ እያንዳንዱን ቁንጥር በቤተ ሙከራ ሚዛን ይመዝን። ከዐሥሩ መካከል ትልቁንና ትንሹን ማወዳደር ብቻ ይበቃል።

አንዳንዶች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴ አንድ ግራም መዝኖ በወረቀት ላይ ካፈሰሱ በኋላ በምላጭ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያሉ መክፈል ነው። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም በእያንዳንዱ ክፍፍል የሚፈጠረው ስህተት ለሚቀጥለው ስለሚተላለፍ ከሁለትና ከሦስት ክፍፍል በላይ ባይሄዱ ይመረጣል።

ሚዛኑ የሚያየውና የማያየው

የወጥ ቤት ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው በአንድ ግራም ልዩነት ነው፤ ለእርሱ 72 ሚሊግራም የለም። በኪስ የሚያዙት ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛኖች ደግሞ እስከ 0.01 ግራም፣ ማለትም እስከ 10 ሚሊግራም ያነባሉ። ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። ነገር ግን የመጨረሻው አኃዝ በአንድ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል መታሰብ አለበት። በ72 ሚሊግራም ላይ የ10 ሚሊግራም ስህተት 14 በመቶ ነው፤ በ38.5 ሚሊግራም ላይ ደግሞ 26 በመቶ ይሆናል። በተቃራኒው ያው ሚዛን 7.2 ግራም ሲመዝን ያው የ10 ሚሊግራም ስህተት 0.14 በመቶ ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሚዛኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመዘነው ነገር ብዛት ነው። አንጻራዊ ስህተት የሚባለው ይህ ነው፤ የምንፈልገውም መፍትሔ የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ግን እነዚህ ሚዛኖች ስላላቸው አንድ ስውር ጠባይ ላስታውስ። ብዙዎቹ ባዶ ሲሆኑ የሚታየውን ጥቃቅን መዋዠቅ ለማጥፋት ራሳቸውን በራሳቸው ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። ስለዚህ ሰሃኑን ዜሮ አድርገን ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ስንበትን፣ ሚዛኑ እያንዳንዷን ጭማሪ እንደ መዋዠቅ ቆጥሮ ይሰርዛታል። ብዙ ዱቄት ወርዶም ንባቡ 0.00 ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዕቃውን አስቀምጦ ዜሮ ሳያደርጉ ክብደቱን መጻፍ፣ ዱቄቱን ከጨመሩ በኋላ እንደገና ማንበብና መቀነስ ነው። ንባቡ ከዜሮ የራቀ ስለሚሆን ያ ጠባይ አይሠራም።

ብዙ መዝኖ በውሃ ማካፈል

በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እስከ 0.1 ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን አለ፤ ዋጋው ግን ለአኳሪየም ባለቤት አይታሰብም። እንዲህ ያለ ሚዛንም አያስፈልገንም። መድኃኒት ቀማሚዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ሚዛን የማይደርስበት ጥቂት መድኃኒት ሲፈለግ፣ ሚዛኑ በሚገባ የሚያነበውን ብዙ መጠን መዝኖ በሌላ ነገር አቅጥኖ ከዚያ ውስጥ የሚገባውን ክፍል መውሰድ ነው። ለእኛ አቅጣኙ ውሃ ነው። ጨው በውሃ ሲሟሟ የሚገኘውን ወጥ ድብልቅ ሙሙት እንለዋለን። በደንብ የተበጠበጠ ሙሙት ከላይ ቢቀዳ ከታች፣ ዛሬ ቢቀዳ ነገ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ እኩል ጨው አለው። ዱቄት ይህንን ማድረግ አይችልም። አንድን ነገር በሺህ የሚቆጠሩ እኩል ክፍሎች አድርጎ ለመክፈል ከውሃ የተሻለ ምላጭ የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ሙሙት መጨመር እንፈልጋለን እንበል። በግማሽ ሊትር ውስጥ መቶ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር አለ። ስለዚህ 72 ሚሊግራም በመቶ ተባዝቶ 7.2 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት ተመዝኖ 500 ሚሊ ሊትር ሙሙት ይዘጋጃል። ለብረቱ 3.85 ግራም፣ ለፖታሲየም ናይትሬት ደግሞ 81.5 ግራም ይመዘናል። ያ ሊመዘን የማይችል የነበረው ነገር አሁን የትኛውም የኪስ ሚዛን የሚያነበው ሆነ። ፖታሲየም ናይትሬቱንማ የወጥ ቤት ሚዛን እንኳ ከአንድ በመቶ ብዙ ባልራቀ ስህተት ይመዝነዋል።

ሚዛን የሌለው ሰውም መንገድ አለው። በፋብሪካ ተመዝኖ የታሸገ የ100 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ጥቅል ካገኘ፣ ሚዛኑን ፋብሪካው ሠርቶለታል። ጥቅሉን ሳያስቀር በሙሉ አሟሙቶ 600 ሚሊ ሊትር ቢያደርሰው በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 833 ሚሊግራም ይኖረዋል፤ ይህም ከፈለግነው 815 የሚለየው በ2 በመቶ ብቻ ነው።

በአዘገጃጀቱ ላይ መታለፍ የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ጨው የሚጨመረው በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አይደለም፤ መጀመሪያ በ400 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይሟሟና ከዚያ በኋላ ውሃ እየተጨመረ ጠቅላላው 500 እንዲደርስ ይደረጋል። ለ7.2 ግራም ልዩነቱ ኢምንት ቢሆንም፣ 81.5 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ግን ሲሟሟ የሙሙቱን ይዘት ከ30 ሚሊ ሊትር በላይ ስለሚጨምረው ሙሙቱ በ6 በመቶ ገደማ ይቀጥናል። ጠርሙሱ ላይ የ500 መስመር ከሌለ የወጥ ቤት ሚዛን ይጠቅማል። ባዶው ጠርሙስ ተመዝኖ 500 ግራም ውሃ ይጨመርበትና የውሃው ገጽ በደረሰበት በማይለቅ ቀለም ይሰመራል። በክፍል ሙቀት የአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ክብደት ከአንድ ግራም የሚያንሰው በሺህ ሁለት ያህል ብቻ ነውና ስህተቱ አያሳስብም።

ፖታሲየም ናይትሬት ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስብ ጠርሙሱ በእጅ ሲያዝ በግልጽ ይቀዘቅዛል። ይህ የሚያስደነግጥ ሳይሆን ለክፍል ትምህርት የሚሆን ጥሩ ማሳያ ነው። ነገር ግን ሙሙቱን «እንዳይበላሽ» ብሎ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ስህተት ነው። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ 31.6 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ሲያሟሟ፣ በዜሮ ዲግሪ የሚያሟሟው 13.3 ግራም ብቻ ነው። የእኛ ሙሙት በ100 ግራም ውሃ 17 ግራም ያህል ስለያዘ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከፊሉ ክሪስታል ሆኖ ከሥር ይቀመጣል፤ ከላይ የሚቀዳውም ከታሰበው የቀጠነ ይሆናል። ጨውን ወፍራም አድርጎ ለማሟሟት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የመሟሟት ልኩን ይመልከት። ፖታሲየም ሰልፌት ለምሳሌ በ20 ዲግሪ ከ11 ግራም ብዙም አያልፍም።

ብረትና ፎስፌት በአንድ ጠርሙስ አይቀመጡም። ሁለቱ ተዋህደው በቀላሉ የማይሟሟ ዝቃጭ ስለሚሠሩ ተክሉ ሁለቱንም ያጣል። ፖል ሲርስና ኬቨን ኮንሊን የተባሉ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያስተዋወቁትና «የድሃ ሰው ጠብታ» በሚል ትርጉም የሚጠራው ዝነኛ ቅመም ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ ለማድረግ የቻለው ፎስፌት ስላልነበረበት ነው። ፎስፌቱን የተዉትም አልጌን ለመግታት ብለው ነበር። ዛሬ ብዙዎች ፎስፌትንም ስለሚጨምሩ ሁለት ወይም ሦስት ጠርሙስ ማዘጋጀት የግድ ሆኗል።

ስህተቱ ወዴት ሄደ?

ሙሙቱ ስህተትን አላጠፋም፤ ከሚዛኑ ወደ ሲሪንጁ አዛውሮታል። በማንኛውም መድኃኒት ቤት የሚገኝ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። በንባብ፣ በአየር አረፋና በጫፉ ላይ በምትቀረው ጠብታ ምክንያት በ0.2 ሚሊ ሊትር ብንሳሳት፣ ይህ ከ5 ሚሊ ሊትር 4 በመቶ ነው። የሚዛኑ ስህተት 0.14፣ የጠርሙሱ ደግሞ ግማሽ በመቶ ቢሆን፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ስህተቶች የሚደመሩት በካሬያቸው ስለሆነ ጠቅላላው ያው 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ትልቁ ስህተት ትናንሾቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ በዚህ ደረጃ የተሻለ ሚዛን ለመግዛት የሚወጣ ገንዘብ የሚያሻሽለው ነገር የለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሙሙቱ ዐሥር እጥፍ ወፍራም ቢደረግ የሚቀዳው 0.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ያኔ ያው የ0.2 ሚሊ ሊትር ስህተት 40 በመቶ ይሆናል። ወዲያ የሸሸነው ስህተት በሌላ በር ተመለሰ ማለት ነው። በጠብታ መቁጠርም እንዲሁ አያስተማምንም። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው የሚባለው በግምት ሲሆን፣ የጠብታው መጠን እንደ ጫፉ ስፋትና እንደ ፈሳሹ ጠባይ ይለያያል። የሚቀዳው ከ5 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ አድርጎ ሙሙቱን ማቅጠን ከሁሉ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ካደረግን በኋላ ግን ማንም የማይጠረጥረው ስህተት ይቀራል፤ እርሱም የአኳሪየሙ የውሃ ይዘት ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም በስሌት 64.8 ሊትር ይይዛል። ነገር ግን አሸዋው፣ ድንጋዩና ከላይ ባዶ የሚተወው ቦታ ሲቀነሱ በውስጡ ያለው ውሃ 50 ሊትር ብቻ ሊሆን ይችላል። በ64.8 አስልቶ የሚጨምር ሰው ሁልጊዜ 30 በመቶ ያህል ያበዛል። ይህ ከሲሪንጁ ስህተት በዓይነትም ይለያል። የሲሪንጁ ስህተት ዛሬ ቢያበዛ ነገ ሊያሳንስ ስለሚችል በጊዜ ብዛት ይቻቻላል፤ የይዘቱ ስህተት ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይገፋል። እርሱን ለማስወገድ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። አኳሪየሙ በሚሞላበት ቀን ውሃው በታወቀ ጀሪካን እየተለካ ይፈስሳል፤ ስንት ሊትር እንደ ገባም ይጻፋል።

የሳምንቱ ውሃ መቀየር

አንባቢ ተክሉ ሳይመገበው የቀረው ማዳበሪያ እየተጠራቀመ አይሄድም ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሂሳብ ክፍል የምንማረው ተከታታይ ድምር ነው። በየሳምንቱ ግማሹ ውሃ ተቀይሮ በሊትር 10 ሚሊግራም ናይትሬት ይጨመራል፣ ተክሉም ምንም አልተጠቀመም እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ይኖራል። በሁለተኛው የዚያ ግማሽ 5 ቀርቶ 10 ሲጨመር 15፣ በሦስተኛው 17.5፣ በአራተኛው 18.75 እያለ ይሄዳል። ጭማሪው በየጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ ድምሩ ወደ 20 ይጠጋል እንጂ 20ን አያልፍም። በጠቅላላው፣ የመጨረሻው ወሰን የሚገኘው በየጊዜው የሚጨመረውን በሚቀየረው የውሃ ክፍልፋይ በማካፈል ነው። ሩብ ብቻ ከተቀየረ ወሰኑ 40፣ አንድ ዐሥረኛ ብቻ ከተቀየረ 100 ሚሊግራም ይሆናል።

በአሜሪካዊው ቶም ባር ስም የሚታወቀው የግምት ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ከሚያስፈልገው በመጠኑ አብልጦ መስጠትና በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ በመቀየር ክምችቱን መገደብ ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠሩ ብዙዎች በማንኪያ ይለካሉ፤ አኳሪየማቸው ብዙ መቶ ሊትር ከሆነ ያስኬዳቸዋል። ለ400 ሊትር የሚያስፈልገው ፖታሲየም ናይትሬት 6.5 ግራም ያህል ስለሆነ የማንኪያው ስህተት በውሃ መቀየሩ ይሸፈናል። ለ50 ሊትርና ለብረት ዱቄት ግን ማንኪያ መንገድ አይደለም፤ በተለይም ቅልቅሉ መዳብ ካለበትና በአኳሪየሙ ውስጥ ለመዳብ እጅግ ስሱ የሆኑት ትናንሽ ሽሪምፖች ካሉ።

በመጨረሻ ስለ አቀማመጥ ጥቂት ልበል። ሙሙቶቹ በተጣራ ውሃ፣ ካልተገኘም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይዘጋጃሉ። ብርሃን ኢዲቲኤን ከብረቱ ጋር ስለሚያፈርሰው የብረቱ ጠርሙስ ጥቁር መሆን ወይም በወረቀት መጠቅለል አለበት። ፖታሲየም ናይትሬት እሳትን የሚያባብስ፣ ባሩድም ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ ደረቁ ዱቄት ከእሳትና ከከሰል ይራቅ። የሙሙት ጠርሙስ ሁሉ ከሕፃናት እጅ መራቅ እንዳለበት፣ በተለይም የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ ከዋለ የቀድሞው ጽሑፍ ተልጦ በምትኩ የጨው ስም፣ ስንት ግራም በስንት ሚሊ ሊትር እንደተሟሟ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለና የተዘጋጀበት ቀን መጻፍ እንዳለበት አያከራክርም። ሻጋታ የታየበት የብረት ሙሙት በአትክልት ሥር ይፈስሳል እንጂ ወደ ወንዝ አይደፋም። በእርሱ ምትክ አዲስ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው 3.85 ግራም ዱቄት ብቻ ነው።